አደገኛዋ ትሩዲና የወይዘሮ ሁልስማን ደብተር

ትሩዲ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ትፈራለች። ፊኛ ትፈራለች። ባለፈው ዓመት የጎረቤት ድመት ጀርባዋን አጉብጣ ፍፍፍ ብትልባት ጌታዋ የሎታር ሺማኒያክ እግር መሀል ገብታ ሽንቷን ለቀቀችው። በሄርነ ከተማ መዝገብ ላይ «አደገኛ» ተብላ የሰፈረችው ውሻ እንግዲህ ይህች ቦቅቧቃ ናት። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ደረቱ ሰፊ የሆነ ውሻ ሁሉ ሰው በላ ነው ብለው ቆረጡና ዝርያዎቹን በስም ዘርዝረው አስቀመጡ። ሁለት ፖስተኛ የነከሰው የፋርማሲስቱ ቋሊማ መሳይ ውሻ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በየጠዋቱ አፉን ከፍቶ መንገዱን ይንጎራደድበታል።

ሎታር ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደግሞ እሑድ እሑድ የሠፈር እግር ኳስ ዳኝቷል፤ ከመጨረሻው ዲቪዚዮን በታች ሌላ ዲቪዚዮን ቢኖር ኖሮ እሱን ነበር የሚልኩት። ዕውር ተብሎ ተሰድቧል፣ ቢራ ተደፍቶበታል፣ አንዴም የአንድ በረኛ እናት በጃንጥላ ጀርባውን አቅምሳዋለች። ደንቡ ላይ ከተጻፈው ግን ፍንክች ብሎ አያውቅም። ደንብ ያከበረን ሰው ደንቡ መልሶ ያከብረዋል ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህ ዕድሜውም ከዚህ ቂልነት አልወጣም።

ትሩዲን ከእንስሳት መጠለያ ያመጣቻት ሚስቱ ማርሊስ ናት። እንዲህ ያለ ውሻ ለማሳደር ከከተማው ፈቃድ፣ ከአከራዩ የጽሑፍ ስምምነት፣ በባለቤቱ ስም የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ከቤቱ በር ጀምሮ፣ ደረጃው ላይ ሳይቀር፣ ማሰሪያ ገመድና ከሽቦ የተሠራ የአፍ መከለያ ግዴታ ነው። ማርሊስ በየጠዋቱ መከለያውን ስታጠልቅላት «ነይ እንግዲህ፣ የኔ ነፍሰ ገዳይ» ትላታለች፤ ትሩዲም መከለያው ገና ከመስቀያው ሲንቋቋ ጭራዋ ግድግዳውን ይደበድበዋል። ያ ሽቦ ለሰፈሩ ሰው ሽብር ነበር፤ ለእሷ ሽርሽር ነው።

በኦክቶበር ወር አንድ ቀን አምቡላንስ መጣ። ሁለት ሰዎች ማርሊስን በቃሬዛ ይዘው ወረዱ፣ ሎታርም ተከትሏቸው ሮጠ፣ በሩ ተዘጋ። መከለያው ከመስቀያው አልወረደም። ማርሊስም አልተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ትሩዲ ብቻዋን መሆን አቃታት። ሎታር ገና ጫማውን ሲያስር ትንቀጠቀጣለች፤ በሩን ሲዘጋው ታላዝናለች፤ እስኪመለስ በሩን ቧጥጣ ጥፍሯ ይደማል። የወንድሙ ሚስት «እኔ ጋ ተዋት» ብላው ነበር፤ ነገር ግን ሴትዮዋ የምስክር ወረቀት ስለሌላት የውሻዋን ገመድ መጨበጥ እንኳ በሕግ አይፈቀድላትም። ውሻዋ ብቻዋን እንዳትሆን ሰው ያስፈልጋታል፣ ሰው ደግሞ ሕጉ ይከለክላታል። ይህን ያወጣው ሰው ማታ ማታ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ሎታር ብዙ ጊዜ አስቧል።

ከሥር ያለው ቤት ውስጥ ወይዘሮ ሁልስማን ይኖራሉ። አርባ ዓመት የመሬት መዝገብ ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከሰው ይልቅ እርሳስ የሚያምኑ ሴት ናቸው። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ገዝተው የትሩዲን ጩኸት ከወጥ ቤታቸው ሰዓት ጋር እያመሳከሩ በየደቂቃው ይመዘግባሉ። በእነ ሎታር አገር ጎረቤቱን የሚጠላ ሰው አይሳደብም፤ ሰዓት ይይዛል። ሁለት ወር ሙሉ የያዙት ሰዓት ተባዝቶ ለአከራዩ ደረሰ፤ አከራዩም ለሎታር ጻፈለት፤ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ጩኸቱ ካልቆመ ስምምነቱን ያነሣል። ስምምነቱ ከተነሣ የከተማው ፈቃድ ይወድቃል፣ ፈቃዱ ከወደቀ ትሩዲ ወደ መጠለያው ትመለሳለች። ከማርሊስ በፊት ከዚያ ሁለት ጊዜ ተወስዳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። ሰባት ዓመት የሞላትን፣ ዝርያዋ በዝርዝሩ የሰፈረን ውሻ እንደገና የሚወስድ የለም።

መጀመሪያ የመጣው አሠልጣኝ የቆዳ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ወገቡ ላይ ሦስት ቢላ የታጠቀ ሰውዬ ነበር፤ ቢላዎቹ ለምን እንደሚያስፈልጉት ዛሬም አልታወቀም።

«ወንድሜ፣ አለቃው ማን እንደሆነ አሳያት» አለ። «ፊቷ ብላ፣ ቀድመሃት ውጣ፣ ስታለቅስ አትያት። ባንድ ሳምንት ታከብርሃለች።»

ሎታር ሳምንቱን ሙሉ ትሩዲ ፊት ቆሞ በጥሬ ሥጋና በሽንኩርት የተሞላ ዳቦውን በላ። ትሩዲ በአዘኔታ ዓይን አየችው። በሩን ሲዘጋው ግን እንደበፊቱ ማላዘኗን ቀጠለች። ወይዘሮ ሁልስማንም ሁለት ገጽ ሞሉ።

ሁለተኛዋ ስቬንያ የምትባል፣ ጸጉሯን አረንጓዴ የቀባች ልጅ ናት። ገና በሩን ሲከፍትላት «አንተ» አለችው። ሎታር በጣም ከፋው፤ እሷ «አንተ» ስትለው እሱ «እርስዎ» እያላት ሊያሳፍራት ሞከረ፣ ልጅቱ ግን የምታፍር አይነት አልነበረችም።

«ከወንበርህ ተነስ። ተመልሰህ ተቀመጥ» አለችው።

ተነሣ፣ ተቀመጠ።

«ጎበዝ። ለዛሬ በቃ።»

«ለዚህ ነው ከኤሰን ከተማ ድረስ የመጡት?»

«እሷ የምትፈራው መሄድህን ነው። መሄድህን በሰከንድ በሰከንድ ከፋፍለን እናበላታለን። ነገ ቁልፍህን አንሣ፣ መልሰህ አስቀምጥ። ከነገ ወዲያ በሩን ንካ። ሳትፈራ በፊት ተመለስ፣ ሌላ ነገር የለም። ሰዓት አለህ?»

ሰዓት አለህ ወይ! ሠላሳ አንድ ዓመት የዳኘበትን ሰዓት ከመሳቢያ አወጣ። ከጃንዋሪ ጀምሮ የዓመት እረፍቱን አሟጦ፣ እሱ ሲያልቅ ለወገቡ ከሐኪም ወረቀት አምጥቶ፣ በየቀኑ ሠላሳ ጊዜ ወጣ ገባ አለ። አምስት ሰከንድ። አሥራ ሁለት ሰከንድ። አንድ ደቂቃ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል፤ ጎረቤት ሲያልፍ ጫማውን የሚያስር ይመስላል። ደንብ አክባሪ ስለሆነ ደግሞ፣ በሩ ሲከፈት ውሻዋ ድንገት ደረጃው ላይ ብትወጣ ሕግ እንዳይጣስ፣ የአፍ መከለያውን በር ሥር ምንጣፉ ላይ አዘጋጅቶ ያስቀምጠዋል። ትሩዲም አጠገቡ ትተኛለች። በማርች መጀመሪያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ ሳትል መቅረት ቻለች። ስቬንያ አቅፋ ሳመችው፤ ባያሳይም ደስ ብሎታል።

ታዲያ ሎታር እዚህ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት? አልቆመም። የከተማው ሕግ አንድ ቀዳዳ አለው፤ የጠባይ ፈተና ያለፈች ውሻ ያለ አፍ መከለያ መሄድ ትችላለች። በማርች አሥራ አራት ፈተናው ተካሄደ። ጃንጥላ ፊቷ ላይ ዘረጉባት፣ አንዱ ሰካራም መስሎ እየተንገዳገደ መጣባት፣ ሌላው እየሮጠ በጎኗ አለፈ፣ ለጥቂት ደቂቃም ግንድ ላይ ብቻዋን አሰሯት። ትሩዲ አጉረመረመች? በፍጹም። እዬዬ አለች፤ እዬዬ ማለት ደግሞ ወንጀል አይደለም። አለፈች።

ሎታር ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለበጠው። ኬክ ገዝቶ በየበሩ እያንኳኳ ለጎረቤቶቹ አዳረሰ፣ ትሩዲን ባዶ አፏን አስከትሎ፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር እያስጠጋ። «በመንግሥት ማኅተም! አደገኛ አይደለችም!» ይላል። ወይዘሮ ሁልስማን ኬኩን ተቀብለው በሩን ዘጉበት። መከለያውን ምድር ቤት አውርዶ ከአሮጌ የቀለም ቆርቆሮዎች ጀርባ ወረወረው። ያን ዕለት ሎታር ሺማኒያክ ደረቱ ከትሩዲ ደረት ይሰፋ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ትሩዲ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ስታላዝን ቆየች።

በነጋታው እንደገና። በሳምንቱም፣ የኤፕሪል መጨረሻ ሲቃረብም እንደገና። ስቬንያ ግራ ገባት፣ ከአንዷ ሰከንድ እንጀምር አለች፤ ለመጀመሪያዋ ሰከንድ ግን ጊዜ አልቀረም። አከራዩ ተወካዩን አቶ ብሪንክማንን ሐሙስ እልካለሁ ብሎ ጽፏል። ማክሰኞ ዕለት ሎታር ሥራ ቀረ። የትሩዲን አንገት አቅፎ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠ። ልቡ ተሰብሯል፣ በዚያ ላይ ደንቡን ሁሉ አክብሮ መሸነፉ አቃጥሎታል።

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ሁልስማን ናቸው፣ ደብተሩን ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ይቁጠሩ ሰዓት፣ ይቁጠሩ!» አለ ሎታር። «ሐሙስ ይገላገላሉ።»

«አይጩኹብኝ። ውሻዎን አልወዳትም፣ ይህን ልብ ይበሉ። የተዘበራረቀ መዝገብ ግን ከውሻ ይብሳል» አሉ። ገጾቹን እየገለጡ በእርሳስ ጠቆሙት። «ጃንዋሪ፣ እየቀነሰ መጣ። ፌብሩዋሪ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ። ማርች አሥራ ሦስት፣ ምንም። ማርች አሥራ አምስት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ። አሥራ አራት ላይ ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግኩ? ፈተና አለፍን! ኬክ በልተዋል እኮ!»

«ኬኩ ደረቅ ነበር። ያን ዕለት የጻፍኩት ይኸው፦ ‹ውሻዋ ደረጃው ላይ፣ የአፍ መከለያ የለም።› እርስዎ ሰውዬ፣ መከለያውን የት ጣሉት?»

ሎታር ምንጣፉ ትዝ አለው፤ ትሩዲ በየቀኑ አፍንጫዋን ሽቦው ውስጥ ወትፋ ተኝታ ስትጠብቀው። ኦክቶበር ትዝ አለው፤ ማርሊስ በቃሬዛ ስትወርድ መስቀያው ላይ የቀረው መከለያ። ለትሩዲ ያ ሽቦ ካለ አብሮ መውጣት አለ፣ የሄደው ሰው ይመለሳል። ሽቦው ከሌለ የወጣ ሰው ቀረ ማለት ነው። እሱ ደግሞ በገዛ እጁ፣ በመንግሥት ማኅተም፣ ኬክ እያደለ ነጠቃት።

ወገቡን ረስቶ ወደ ምድር ቤት ሮጠ።

መከለያው አቧራ እንደለበሰ ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ ትሩዲ አፍንጫዋን እስከ ዓይኗ ከተተችበትና ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። ሎታር በሩን ዘግቶ ወጣ። አንድ ሰዓት ጠበቀ። ዝም።

ስቬንያ በስልክ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ግን አስጠነቀቀችው።

«ስማ፣ መሬት ላይ ብቻ ከተውከው በሳምንት ውስጥ ትርጉሙ ይጠፋባታል። ስትወጡ ልታጠልቅላት ነው። ሁልጊዜ።»

«ፈቃዱስ? ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱን ከፈለግክ አንተ አጥልቀው።»

ረቡዕ ጠዋት ፈተና ያለፈችው ትሩዲ የሽቦ መከለያዋን አጥልቃ ጭራዋን እየቆላች ወጣች። ኪዮስኩ ጋ አንዲት ሴት ልጇን ወደ ኋላዋ ጎተተችው። «እያት፣ ባትናከስማ አያስሯትም ነበር» አለችው። ፋርማሲስቱም ቋሊማ መሳይ ውሻውን አቅፎ መንገድ ተሻገረ። ሎታር እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት እዚያ ነው። ሕይወቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ለእንዲህ ያለ ሰው ለማሳየት ሲጓጓ ኖሯል። እጁን ባዶውን አወጣው።

«አዎ፣ አደገኛ ናት» አላት ሴትዮዋን። «ራቅ በሉ።»

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት አቶ ብሪንክማን መጣ፤ ክራባቱ ጠባብ፣ ቦርሳው ወፍራም የሆነ ሰው። ሎታር ትሩዲን ከመከለያዋ ጋር ትቶ በሩን ዘጋ፣ ሦስቱም ወይዘሮ ሁልስማን ወጥ ቤት ገብተው ጣሪያውን እያዩ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። ከላይ የሚሰማ የለም፤ የሚሰማው የወጥ ቤቱ ሰዓትና የአቶ ብሪንክማን ሆድ ነው።

«ታዲያ አቤቱታዎ ምኑ ላይ ነው፣ ወይዘሮ ሁልስማን?» አለ በመጨረሻ፣ መምጣቱ በከንቱ ስለሆነ ተናዶ።

«አቤቱታዬን ትቻለሁ። መዝገብ ነው የምይዘው እኔ፣ ክፋት አይደለም። ይመልከቱት።»

አቶ ብሪንክማን ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለጠ አየ፣ ፈረመ፣ ደብተሩን ተከፍቶ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። ሎታር ዓይኑ ገጹ ላይ አረፈ። ቀኑን ያውቀዋል። በዚያ ደረቅና ቀጥ ባለ የመሬት መዝገብ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ አምቡላንስ። ወይዘሮ ሺማኒያክ። ውሻዋ እስከ አሥር ሰዓት ከአምስት ጮኸች። ለአከራዩ አይላክም።»

ወይዘሮ ሁልስማን ደብተሩን ከፊቱ ሳቡት።

ሎታር ሊያመሰግናቸው ጉሮሮውን ጠረገ። ከጉሮሮው የወጣው ግን ምስጋና አልነበረም። ከኦክቶበር ጀምሮ፣ ቀብሯ ላይ እንኳ፣ ያልወጣው ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ትከሻው እየተናጠ ድምፁን ለቀቀው። ከላይ ትሩዲ ጸጥ እንዳለች ናት።

ወይዘሮ ሁልስማን አልነኩትም፣ ውኃም አላቀረቡለትም። ዝም እስኪል ጠበቁ። ከዚያ ቀና ብለው ሰዓቱን አዩና እርሳሳቸውን አነሡ።

«ምን ይጽፋሉ?» አለ ሎታር፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።

«ጩኸት» አሉ። «አራት ደቂቃ። የላይኛው ቤት ሰውዬ። አይላክም።»