የቅቤ ሽታ ያለው ዘንቢል

ነገ ልጆቼን ቢሾፍቱ ልወስዳቸው ስለሆነ፣ ስንቅ ለመያዣ የእናቴን ዘንቢል ከቁም ሳጥን ሳወጣ የቆየ የቅቤ ሽታ አፍንጫዬን መታው።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ አባቴ ወታደር ስለነበር ተዛውረን ነገሌ ቦረና ከገባን ገና ወራችን ነበር። እሑድ ክብረ መንግሥት ወስዶ ከተማውን ሊያሳየን ቃል ገባ። “ለማንም እንዳትናገሩ፤ አለዚያ የሰው እቃ ስናድል ነው የምንውለው” ብሎ አስጠነቀቀን። እናቴ ግን ለጎረቤታችን ለእማማ ጫልቱ ነገረቻቸው።

እሑድ በማለዳ በራችን ላይ ሰው ሞላ። “አካም? ናጋ?” እያሉ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው፣ አንዷ ቅቤ፣ ሌላዋ እዚያ ላለ ልጇ ጫማ፣ እማማ ጫልቱ ደግሞ እግሯ የታሰረ ዶሮ ሰጡን። “ለእህቴ አድርሱልኝ” አሉ እማማ ጫልቱ።

አውቶቡስ ውስጥ በእናቴ ዘንቢል የታጨቀውን እያንዳንዱን ጥቅል እየዳበስኩ ምን ይሆን እል ነበር። ክብረ መንግሥት ወርቅ የሚወጣበት አገር ነው ሲባል መንገዱ የሚያብረቀርቅ መስሎኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያየሁት ግን የሰው ግቢ ነው። በየሄድንበት “ሳትበሉማ አትሄዱም” እያሉ ያዙን። ዶሮዋን የተቀበሉት ሴትዮ ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

ስንመለስ አባቴ፣ “ይኸው፣ ተላላኪ ሆነን ዋልን!” ብሎ ተነጫነጨ።

እናቴ ሳቀች። “ዛሬ ገና የአገሩ ሰው ሆንን” አለችው።

ዶሮ በማድረስ እንዴት የአገር ሰው ይኮናል እያልኩ እንቅልፍ እስኪወስደኝ አሰብኩ።

አሁን አዲስ አበባ፣ እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባን አራት ዓመት ሆነን። ዘንቢሉን እንደያዝኩ ወጣሁና ስሟን እንኳ የማላውቃትን የፊት ለፊት ጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

“ነገ ቢሾፍቱ ልንሄድ ነው” አልኳት። “የሚልኩት እቃ ይኖራል?”