ገና ላልተሳለ ጥልፍ የተያዘ ቦታ

ጋሽ ሙክታር ማረፋቸውን የሰማሁት ጠዋት የስፌት ቤቴን በር ስከፍት ነው። ልጃቸው ሰሚራ ደውላ «አስቱዬ፣ አባዬ ወደ አኼራ ሄደ» አለችኝ። ሱብሒ ሰግደው ጋደም እንዳሉ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ፣ እዚያው አረፉ። ሐርጌሳ ያለን ኢትዮጵያውያን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከሶማሌ ጎረቤቶቻቸው ጋር ግቢውን ሞልተን አለቀስን። ነገር ግን እርሳቸውን ያነሳ ሰው ሁሉ ወሬውን ሳይጨርስ ይስቅ ነበር። ለቅሶ ቤት እንደዚያ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም። እኔም የምጽፈው በዚያው መንፈስ ነው።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ሙክታር የኮምቦልቻ ሰው ነበሩ፤ እዚህ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግኑ ነበር። የማሽኑን ክዳን ሲከፍቱ ቢስሚላህ ይሉና «እስቲ ንገረኝ፣ ምን አደረጉህ?» ብለው እንደ ሐኪም ይጠይቁታል። መልሱን የሰሙ ይመስል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከአያሃ ሰፈር የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ስልካቸው ተሰብሮ የእናታቸው ፎቶ ሲጠፋባቸው፣ የሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ትተው ፎቶውን ይፈልጉላቸው ነበር። «ኮምፒውተር ቢዘገይ ባለቤቱ ይናደዳል፤ እናቱ የጠፋችበት ግን እንቅልፍ የለውም» ይላሉ።

እኔ ወደ እርሳቸው የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። 31 ሜይ ሰፈር ያለው ሱቄ የሚኖረው በጥልፍ ነው፤ ለሶማሌ ሙሽራም ለሐበሻ ሙሽራም እጠልፋለሁ። ዲዛይኖቼን ሁሉ የሳልኩበት ፕሮግራም ግን የሚሠራው በድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ብቻ ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልከፈትም ይላል። አሮጌው ኮምፒውተሬ ደግሞ እንደ ቡና መፍጫ መንገጫገጭ ጀምሮ ነበር። እሱ ከሞተ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ የሳልኩት ሐረግና አበባ ሁሉ አብሮት ይቀበራል። አንድ ጠጋኝ «ጣይው» ሲለኝ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ጭኜው ወደ ጋሽ ሙክታር ሄድኩ።

ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩና «ክርስትና ልታስነሺው ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያም ሌላ ነገር ሳይነኩ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወሰዱ። «መጀመሪያ ቅጂ፣ ድፍረቱ ኋላ ይደርሳል» የምትለውን ንግግራቸውን ደንበኞቻቸው ሁሉ ታውቃላችሁ።

ሐሳባቸው ቨርቹዋል ማሽን መሥራት ነበር። አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ይኖራል፤ የድሮው ሲስተም እዚያ ውስጥ ሆኖ የራሱ ቤት ያለ ይመስለዋል። ምን ያህል ዲስክ እንደሚሰጡት ሲያስቡ ግን የወሎ እንግዳ ተቀባይነታቸው መጣባቸው። «ሽማግሌ እንግዳ ነው፤ ጠባብ ቦታ አላስተኛውም» ብለው ትልቅ ዲስክ ሰጡት። ለሁለት ከፈሉና ከፊት ሲስተሙን፣ ከኋላ የእኔን ዲዛይኖች አስቀመጡ።

ሽማግሌው ሲስተም ግን እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ብቻ ነው ዲስክ የሚያውቀው። ከዚያ አልፎ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ዞሮ መጀመሪያው ላይ፣ በራሱ ፋይሎች ላይ ጻፈ። በማግስቱ ብንከፍተው አልነሳም አለ። እኔ እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። ጋሽ ሙክታር ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አጥግቤ ገደልኩት! አይዞሽ፣ ቅጂው አለን» አሉ። ይህን ስህተታቸውን ከዚያ በኋላ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ሳይጠየቁ፣ እየጨመሩ ሲያወሩት ኖረዋል።

ሁለተኛውን ሙከራ ያቀድነው እኔ ሱቅ ውስጥ፣ በመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በልብስ ጠመኔ ጨርቅ ላይ ሁለት ሳጥን ሣሉ። አንዱ ለሲስተሙ፣ ሌላው ለዲዛይኖቼ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ዲስክ፣ ሁለቱም ሽማግሌው ከሚያውቀው መጠን በታች። «ሲስተሙ ቢታመም ጥልፍሽ አይታመምም» አሉ። ቦታው እየቆየ እንዲያድግ ሳይሆን ከአሁኑ ሙሉውን እንዲያዝ ወሰኑ፤ ካልሆነ በኋላ አዲሱን ኮምፒውተር ፊልም ሲሞላው ሽማግሌው ማደጊያ ቦታ ያጣል። የዲዛይኑን ሳጥን ልክክ አድርገው ሊዘጉት ሲሉ ግን እኔ አላስቻለኝም።

«ጋሽ ሙክታር፣ ልብስ ሰፊ እኮ ልክ አይቆርጥም። ሰው ይወፍራል፤ ለማስፋት ከስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል» አልኳቸው።

ጠመኔውን መልሰው አነሱና ሳጥኑን አሰፉት። ከዚያ የጨመሩትን ባዶ ቦታ በጣታቸው እየነኩ «ይኼ የሰሚራዬ ነው። የሰርጓ ልብስ ጥልፍ እዚህ ይገባል» አሉኝ። ሰሚራ ያኔ ገና ተማሪ ነበረች።

«ሙሽራው ማነው?» ብላቸው፣

«እሱን አላውቅም፤ ቦታውን ግን ይዤለታለሁ» አሉ።

በዚህኛው ጊዜ ሽማግሌው ተነሳ። የመጀመሪያው አበባዬ ስክሪኑ ላይ ሲከፈት እልልታዬን ሰምተው የጎረቤት ሱቆች ሮጠው መጡ። ጋሽ ሙክታርም «ወለደች በሉ!» እያሉ ይጨብጧቸው ነበር። ያ ማሽን እስከ ዛሬ እንጀራዬ ነው። በየመንገዱ ሲያገኙኝም ሰላምታቸው አንድ ነበር፦ «የሰሚራዬ ቦታ አልተነካም?»

ሰሚራ ዘንድሮ ታጨች። ጥልፉን ለመሣል ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ሳለ እርሳቸው ቀደሙኝ። ሰርጉ ይራዘም ሲባል ሰሚራ «አባዬ ቦታ የያዘለትን ሰርግ አላሳድርም» ብላ እንባዋን ጠረገች። እኔም ወደ ሱቄ ገባሁ።

ጋሽ ሙክታር፣ አሁን ለእርስዎ ልናገር። ሽማግሌውን ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩት፤ እኔ፣ የማርያም ልጅ! እርስዎ እንደሚሉት «እስቲ ንገረኝ» አልኩት፤ በደንብ ተነሳልኝ። ለሰሚራ የቦርከናን ወንዝ ዳር የሚመስል ሐረግ ሣልኩላት፤ ልጅነትዎን ሲያወሩ የሰማሁትን ሁሉ ከተትኩበት። በያዙላት ቦታ አስቀመጥኩት፤ ቅጂውንም አስቀድሜ ወስጃለሁ፣ አይስጉ። ይህን ስጽፍ የጥልፍ ማሽኑ ከአጠገቤ የቀሚሷን ጫፍ እየጠለፈ ነው። ቦታው ሞላ ልልዎት ፈልጌ አየሁት፤ ጥልፉ የያዘው ጥጉን ብቻ ነው። ለልጅ ልጆችዎም ሰርግ ይበቃል። አላህ በጀነት ሰፊውን ቦታ ይስጥዎ፤ እርስዎ እንደሆነ ቦታ ሲሰፋ ይወዳሉ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ፤ «አልተነካም» እያልኩ ስመልስልዎ የኖርኩት የሰሚራዎ ቦታ ዛሬ ተነካ፣ እልል ይበሉ!