እሰሩኝ ያለችው ሙሽራ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት አስተማሪ ነበርኩ። ለቴሌቪዥን የጻፍኩት ድራማ «መክፈቻው ተመልካች አይዝም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። ሦስተኛ ጊዜ አስተካክዬው ደብተሬን እንደያዝኩ ወደ ሻሸመኔ ስሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት ወሎዬ ነጋዴ እናት ነበሩ። መቂን እንዳለፍን ድፍረት አገኘሁ።

«እማማ፣ የጻፍኩት ድራማ አለ፤ መጀመሪያውን ላንብብልዎት?»

«አንብብ ልጄ።»

አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን እንደለበሰች ፖሊስ ጣቢያ ትገባና «እሰሩኝ!» ትላለች። እዚህ ላይ ቆም አልኩና ፊታቸውን አየሁ። ምንም የለም። ሻሻቸውን አስተካከሉና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ይባስ ብሎ ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ አየኝና ሳቁን ዋጠ። ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ድራማ መጻፍ ለእኔ እንዳልተፈጠረም ደመደምኩ።

አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። አውቶቡሱ ቡልቡላ ሲቆም ሴትዮዋ ድንገት ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርጋ ነው እሰሩኝ ያለችው?»

«እስካሁን እሱን እያሰቡ ነው እንዴ?»

«ታዲያስ! ወላሂ፣ እስክትቀጥልልኝ ስጠብቅ መውረጃዬ አዳሚ ቱሉ አለፈኝ እኮ!»