ሞተር መጋዝ ይዤ እጅ ስነሣ

ከቢቸና የወጣሁት ማለዳ ላይ፣ ከሞጣ ጤፍ ጭኖ በመጣ ካሚዮን፣ ከጆንያው አናት ተቀምጬ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። መኪናው እስኪነሣ መንገድ ዳር ቆመው አንድ ምክር ብቻ ደጋገሙልኝ፤ በሰው አገር ትልቅ ሰው ስታይ ተነሥ፣ ራስህን ግለጥ፣ እጅ ንሣ፣ የማን ልጅ እንደሆንህ ይወቁ አሉኝ። የምሄድበት አገር የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ እሳቸውም እኔም አናውቅም ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ሞጣ ውስጥ ጣውላ ሰንጣቂ ነበርሁ። አንዳችን ከላይ፣ አንዳችን ከታች ሆነን ግንድ ስንገዘግዝ፣ ትምህርት ቤት ሊያሠራ የመጣ የስዊድን መሐንዲስ አይቶ፣ ይህን በእኛ አገር አንድ ሰው በሞተር ይጨርሰዋል፣ ወንድሜ ደን አለው፣ ሂድና ሥራ ሲል መከረኝ። ፓስፖርት ልጠይቅ አዲስ አበባ ብሄድ ሹሙ ወረቀቴን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ «እንጨት ልትቆርጥ ነው ባሕር ማዶ የምትሄደው? ጎጃም እንጨት አለቀ?» አለኝ።

«አላለቀም ጌታዬ። የተረፈው ግን የታቦት ነው።»

ነገ ተመለስ አለኝ። ያ ነገ ሦስት ወር ፈጀ።

የጉንደ ወይንን ገደል አፋፍ ነፋስ ብርድ እል ነበር፤ ስዊድን ስገባ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሥጋቸውን በማርማላታ ይበላሉ፣ ዳቧቸው ይጣፍጣል፣ ሰላምታቸው ግን አንዲት ቃል ናት። ቤት ያከራዩኝን አሮጊት፣ ወይዘሮ ኢንግሪድን፣ በየማለዳው እጅ ነሥቼ እንዴት አደሩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይ እላቸው ነበር። በሳምንቱ ተጨንቀው፣ ሐኪሙ ከእኔ የደበቀውን ነገር ሰምተሃል እንዴ አሉኝ።

ሞተር መጋዙን ሞቶርሶግ ይሉታል። ሕጉ ብዙ ነው። በሁለት እጅህ ያዝ፤ አውራ ጣትህ እጀታውን ይክበበው፤ ከትከሻህ በላይ አታንሣው፤ ጫፉ እንጨት ከነካ ወደ አንተ ይዘላል፤ ዛፍ ከመጣልህ በፊት የምትሸሽበትን መንገድ ጥረግ። ሁሉን እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝሁት። ተፈትኜ ምስክር ወረቀት ካላገኘሁ ሥራ የለኝም፤ ሥራ ከሌለኝ ፖሊስ የመኖሪያ ፈቃዴን አያድስልኝም። ልጄ ባሕር ማዶ ተሻገረ ብለው ቢቸናን ላዳረሱት አባቴ ምን ይዤ እመለሳለሁ?

የፈተናው ቀን ግንድ እየቆረጥሁ ቀና ብል፣ ፈታኙ ከፊት ለፊቴ ራቅ ብለው ቆመው ለሰላምታ እጃቸውን አነሡልኝ። ጢማቸው ነጭ፣ ደረታቸው ድረስ የወረደ ነው። እንዲህ ያሉ ሽማግሌ ቆመው እኔ ቆብ ደፍቼ! በግራ እጄ የራስ ቁሩን አወለቅሁ፤ በቀኝ እጄ መጋዙን እንደያዝሁ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ስጎነበስ ጣቴ ነዳጅ መስጫውን ጨመቀው፤ የመጋዙ ጫፍ ግንዱን ነካና ዘለለ፣ ሱሪዬን ከጭኔ ላይ ቀደደው። ሥጋዬን አላገኘውም። ሽማግሌው ጉቶ ላይ ቁጭ አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ትመጣለህ፣ ያኔም እንዲህ ከሆንህ ወደ አገርህ ነው አሉኝ።

ያስጠኑኝ ወይዘሮ ኢንግሪድ ናቸው። ጓሮ ማገዶ ስቆርጥ ራቅ ብለው ቆመው ይጠሩኛል፤ እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ መጋዙን መሬት ሳላስቀምጥ ቀና ካልሁ ራት የለም። ብዙ ቀን ጦሜን አደርሁ። በሁለተኛው ፈተና እኚያን ሽማግሌ አቁሜ ሥራዬን ጨረስሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ አስቀመጥሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው እጅ የነሣሁት። አገሬ ቢሆን የሚያስረግመኝ ነገር እዚህ ማኅተም አስመታልኝ። ደስታውም እፍረቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

በቀጠሮ ቢቸና ስልክ ቤት አባቴን አስጠርቼ ማለፌን ነገርኋቸው። እልል ይላሉ ስል፣ ምን አስተማሩህ አሉኝ።

«ትልቅ ሰው ሲመጣ ቶሎ አለመነሣት፣ አባባ። መጀመሪያ ሞተሩን ማጥፋት።»

ቀበል አድርገው ጠየቁኝ፤ «እኔም ብመጣ?»

«እርስዎም ቢመጡ።» አልኋቸው።

«ደግ ነው። እስክታስቀምጠው ቆሜ እጠብቅሃለሁ» አሉ። «ብቻ ልጄ፣ ብዙ አታቁመኝ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።»

ስልከኛዋ ጊዜው አልቋል ብላ ቆረጠችብን።