ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሰማሁት ክራር

ያን ቀን ጠዋት የአማርኛ መምህራችን «እስቲ ተነሺና ድርሰትሽን አንብቢልን» አሉኝ... በደርግ ጊዜ ነው፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ። የቤት ሥራው የሰማነውን ሙዚቃ በጽሑፍ መግለጽ ነበር። «ጣፋጭ ነው ብሎ ነገር የለም! እኔም እንድሰማው አድርጉኝ» ብለውን ነበር።

እኔ ደግሞ ጉራዬ አይጣል ነው። ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

የጻፍኩት እህል ላስፈጭ ሄጄ የሰማሁትን ነው። «ወፍጮው ሲያጓራ ከግድግዳው ጀርባ ክራር ደፍሮ ይሰማል... ወፍጮው ሲቆም እሱም ትንፋሹን ይውጣል። የመጨረሻዋን ክር ዘግየት አድርጎ ነው የሚነካት፤ ደጅ ቆሞ ልግባ ልመለስ እንደሚል እንግዳ...»

እዚህ ላይ ድምፄ ተቆረጠ።

ክር እንደዚያ የሚያዘገይ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው... ደምሴ፣ የእትዬ ጽጌ ልጅ። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ያለው ደግሞ የእትዬ ጽጌ ጓዳ ነው። ደምሴ በቀይ ሽብር ሲፈለግ ጠፋ፤ እናቱ «ልጄ ሞተ» ብለው ነጠላ አዘቅዝቀው አለቀሱ፣ ተዝካሩንም አወጡ። ኧረ እኔ ራሴ ተዝካሩን በልቻለሁ!

ከኋላ ወንበር አንዱ ተማሪ ተነሳ፤ የቀበሌው የወጣት ማኅበር ሊቀመንበር ነው። «የትኛው ወፍጮ ቤት ነው?» አለኝ።

መምህሩ ቀድመውኝ ደብተሬን ነጠቁኝ።

«የት ሰምታ! ዓለም ከተማ ሳስተምር የጻፍኩትን ገልብጣ ነው። ሌባ! ተንበርከኪ!»

ተንበረከክሁ። ክፍሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም።

«እንግዲያው ጓድ መምህር፣ ባለክራሩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት ማለት ነው።»

«የፈጠራ ድርሰት ነው እኮ...»

«እሱን ቀበሌ ሄደው ያስረዳሉ።»

መምህሩ ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ሲያልፉ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው አላዩኝም።

ደወል ሲደወል እየሮጥኩ እትዬ ጽጌ ዘንድ ሄድኩ። «እትዬ፣ ክራሩ ተሰምቷል!» አልኳቸው።

«የምን ክራር? ልጄ ሞቷል» ብለው በሩን ላዬ ላይ ዘጉት። ወዲያው ግን ወደ ጓዳ ሲሮጡ ኮቴያቸውን ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሲፈተሽ ማንም አልተገኘም። ደምሴ ደርግ ሲወድቅ በእግሩ ተመለሰ።

መምህራችን ግን በዚያው ቀሩ። ሬሳቸውን ያየ፣ ተዝካራቸውን ያወጣ የለም።

ዛሬም ሰው «አጻጻፍሽ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል» ሲለኝ፣ አመሰግናለሁ ከማለቴ በፊት ከኋላዬ ማን እንዳለ ዞር ብዬ አያለሁ።