አባቴን የሚያስቁት ጎረቤት

ጎረቤታችን በሩን ስታንኳኳ የአባቴ ፊት ይበራል። ድምፅዋን ገና ሲሰሙ ከትራሳቸው ቀና ይላሉ። ያጠብኳቸው እኔ፣ ያበላኋቸው እኔ፣ አንሶላቸውን የቀየርኩ እኔ፤ ሳቁ ግን ለእሷ ነው። ፊት ለፊት «እማማ» እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን ሴትዮዋ ናት። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

አባቴ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። እስከ አምና ክረምት ድረስ ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ከዚያ ጉንፋን ነው ብለን የናቅነው የሳንባ ምች ሆነና ሆስፒታል ተኙ። ትኩሳቱ ሲበርድላቸው፣ ሳሉ ሲተዋቸው፣ ዳኑልን ብለን ከሐረር ሸዋ በር ባጃጅ ይዘን ቤት አስገባናቸው። ብዙም ሳይቆይ ቁልፋቸውን መርሳት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ እኔን።

«እንዲህ ያለ ከባድ ሕመም ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም» አለኝ ሐኪሙ። «የደም ሥሮችን ያስቆጣል፤ የአንጎል ቀጫጭን ሥሮችም ሊጎዱ ይችላሉ። ግፊትም ነበረባቸው። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፤ ግን ከዚያ በኋላ መርሳት የሚጀምራቸው፣ የነበረውም የሚብስባቸው አሉ።» በእርግጥ ይኸው ነው ብሎ ግን አልማለልኝም። መቼ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ ብዬ ስጠይቀው ካርዱን ማገላበጥ ጀመረ።

ሴትዮዋና አባቴ ጀጎል ግንብ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ያደጉ ናቸው። የልጅነት ጨዋታቸው በሐረሪኛ ነበር። ከእኔ ጋር አባቴ «ውሃ» እና «በቃኝ» ብቻ ቀርተዋቸዋል፤ ከእሷ ጋር ግን ሐረሪኛው እንደ ጉድ ይንቆረቆራል። እኔ እዚሁ ተወልጄ ከሰላምታ አላልፍም። ጊደር መጋላ ገበያ ስወርድ ኦሮምኛዬ ስለሚበቃኝ ለመማር አልተጨነቅኩም። አንድ ቀን ከእሷ የለቀምኩትን ቃል ሞከርኩባቸው። አባቴ እንደ ጨዋ ሰው ፈገግ አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። የዚያን ቀን በሩን እላይዋ ላይ ብዘጋባት ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዤ ስገባ፣ አባቴ በአገጫቸው ወደ እኔ እያሳዩ አንድ ነገር አሏት። ሴትዮዋ ሳቋን አቆመች።

«ምን አሉ?»

«ተይው ልጄ፣ ወላሂ ክፉ አይደለም።»

«ይንገሩኝ እንጂ እማማ!»

ሻሽዋን አስተካከለች። «ይቺ ልጅ ከጠዋት ጀምራ ስትለፋ ዋለች፣ እናቷ ትጠብቃታለች፣ ወደ ቤቷ ትሂድ በሏት ነው የሚሉት።»

ሠራተኛ መስያቸዋለሁ። እናቴ ማለት የእሳቸው ሚስት ናት፤ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ ሳኖረው ግማሹ ፈሰሰ።

«እናቷ ሞታለች በሏቸው!» አልኩ።

«አስተግፊሩላህ» አለች ሴትዮዋ። ግን ነገረቻቸው፣ ቀስ ብላ።

አባቴ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙኝ፤ ከታመሙ ወዲህ በራሳቸው ፈቃድ ሲይዙኝ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ እንዲገባኝ ብለው፣ ጠፍቶባቸው በነበረው አማርኛ፦

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። አባትሽስ በሕይወት አሉ?»

«አሉ» አልኳቸው።