ጤፍ የተጫነችው መኪና

በንጉሡ ዘመን ፍኖተ ሰላም ሳስተምር ትንሽ የቤት መኪና ልገዛ ቆረጥኩ። የሚሸጡት ሁለት ነበሩ፤ አንዷ አዲስ፣ ሌላዋ የዚያችው ዓይነት አሮጌ ሞዴል። እኔ ልቤ አዲሷ ላይ ነበር። በቅሎ በመምረጥ የታወቁት አጎቴ ግን «ሸክም ይዛ ዳገት ሳትወጣ አትገዛትም!» ብለው ድርቅ አሉ። ሁለቱንም ሁለት ሁለት ኩንታል ጤፍ አስጫኑና ባለቤቶቻቸውን በማንኩሳ መንገድ ሽቅብ አስነዷቸው። አዲሷ ገና ከግማሽ ሳትደርስ ሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረች። አሮጌዋ እያጓራች የዳገቱ አናት ላይ ወጣች።

«ይህቺው ትሁን!» ብዬ እጄን ለስምምነት ዘረጋሁ። ባለቤቷ ግን መኪናዋን ዙሪያዋን እየዞረ አያት። እንዲህ መቻሏን እሱም ያወቀው ገና ያን ዕለት ነበር።

«አልሸጣትም» አለ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ ቆፍጠን ብለው፣ «አላልኩህም? ደህና መኪና ናት» አሉኝ።